ከወለሉ እስከ ቀለበቱ

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሙያ ባልደረቦች፣ እንዲሁም የኮሌጁን ቡድን ሻርፕ አንገታችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ከበስተኋላ የቆማችሁ የላይኛው ረድፍ ሰዎች፤ ዛሬ በመካከላችን በዚህ ሳጥን ውስጥ ያረፉት ታላቅ ወንድሜ፣ ግማሾቻችሁ በአናጺነታቸው፣ የቀራችሁት ደግሞ ጋሽ አጠረ በሚለው ቅጽል ስማቸው የምታውቋቸው ሰው፣ የሕይወት ታሪካቸውን ከእኔ በቀር ማንም እንዳያነበው አደራ ብለውኝ ስለሄዱ፣ ድምፄ ለእንዲህ ያለ ቦታ እንደማይመች እያወቅሁ እነሆ ፊታችሁ ቆሜአለሁ። ሳጥኑ ላይ የተቀመጡትን ሁለት የእንጨት ቁራጮች እያያችሁ እርስ በርስ ስትጠያየቁ ሰምቻለሁ። ስንደርስበት እነግራችኋለሁና ታገሡኝ።

ወንድማችን ከእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የተወለዱ ሲሆን፣ ከእርሳቸው ቀጥለው የመጡት በሕፃንነታቸው በመቀጠፋቸው፣ በመጨረሻ እኔ እስክደርስ ድረስ ቤቱን ለብቻቸው ይዘው፣ ከአባታችን ረጅም ቁመትን፣ ከእናታችን ደግሞ ሳይለኩ ያለመቁረጥን ልማድ ወርሰው አደጉ። እናታችን ጨርቅ ሲዘረጉ የሜትሩን ጫፍ የሚይዙላቸው እርሳቸው ነበሩ፤ እኔንም በየዓመቱ በር መቃኑ ላይ አስደግፈው፣ ጫማዬን አስወልቀው፣ በጠፍጣፋ የአናጺ እርሳስ ምልክት ያደርጉልኝ ነበር። አንድ ዓመት ጫማዬን ሳላወልቅ ላታልላቸው ብሞክር አይተው ያሰመሩትን አጥፍተው እንደገና ለኩኝ። ምልክቶቹ ዛሬም አሉ።

ትምህርታቸውን በሠፈራችን ትምህርት ቤት ሲከታተሉ፣ በቁመታቸው ምክንያት ፈቃዳቸው እንኳን ሳይጠየቅ ወደ ቅርጫት ኳስ ቡድን የገቡ ሲሆን፣ በመከላከል ማንም የማያልፋቸው ቢሆኑም፣ የሚወረውሯት ኳስ ሁሉ ቀለበቱ ጋ ሳትደርስ እየወደቀች ስላስቸገረች፣ አሰልጣኙ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና እዚያው ረሷቸው። ወንድሜም ጥፋቱ የአሰልጣኙ እንጂ የክንዳቸው አይደለም ብለው ደመደሙ፤ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ለረጅም ዘመን ጥፋት የሌለበት አሰልጣኝ ገጥሟቸው አያውቅም። አባታችን እጃቸውን በመጋዝ በተጎዱ ጊዜ ትምህርቱን አቋርጠው ሥራ ጀመሩ፤ ስለዚህም ነገር ሲያማርሩ አንድም ቀን አልሰማኋቸውም። ስለ ተጠባባቂው ወንበር ግን ሰምቻለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

በሥራው ዓለም በመጀመሪያ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥረው መላጊያ መግፋትን፣ ማጣበቅንና መግጠምን የተማሩ ሲሆን፣ በኋላም የራሳቸውን ሥራ ቤት ከኮሌጁ ግቢ ፊት ለፊት ከፍተው ጡረታ እስከሚወጡ ድረስ በር፣ መስኮት፣ ቁም ሣጥንና አልጋ ሲሠሩ ኖረዋል። ከእናንተ መካከል በሩ ሲጢጥ ሳይል የሚዘጋለት ሰው ካለ፣ በሩን የሰቀሉለት ወንድሜ ለመሆናቸው እጠራጠራለሁ ብል ውሸት ነው። አሁን የተኙበትን ሳጥን የሠሩትም እርሳቸው ያሠለጠኗቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ ትናንት ሲገጥሙት አጠገባቸው ስለነበርሁ፣ ወንድሜ ቆመው የሚያዩአቸው ይመስል ውኃ ልኩን ክዳኑ ላይ ደጋግመው ሲያኖሩ ተመልክቻለሁ።

ትዳርን በሚመለከት፣ ከሥራ ቤቱ ማዶ በሚገኘው መድኃኒት ቤት ትሠራ የነበረች አንዲት ወጣት ዓይናቸው ውስጥ ስለገባች፣ በመዶሻ የተመታ ጣት እየያዙ ይመላለሱ ጀመር፤ እርሷም ፋሻውን እየጠቀለለች «አንተ ሰው፣ አናጺ ነኝ ትላለህ፤ ምስማሩ የት እንዳለ አይታይህም እንዴ?» ብትላቸው «ምስማሩማ ይታየኛል፤ የምትጋርጂኝ አንቺ ነሽ» ብለው እንደመለሱላት እርሳቸው ይናገሩ ነበር። ባለቤታቸው ግን እንዲህ ያለ ነገር ጆሮዬ አልሰማም ሲሉ ኖረው፣ እንዲሁ እንዳሉ አለፉ። ከዚህ ጋብቻም አንዲት ሴት ልጅ ያፈሩ ሲሆን፣ እርሷም አድጋና ተምራ መምህርት ሆነች። እዚህ ከፊቴ ተቀምጣለች።

እንግዲህ ኳሱን ትቼ ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ሆኖም ኳሱን ትቶ የወንድሜን ታሪክ ማንበብ አይቻልም። እኔ በበኩሌ ረጃጅም ልጆች ላብ በላብ ሆነው ወዲያና ወዲህ ሲራወጡ ከማየት ሽንኩርት ስልጥ ደስ የሚለኝ ሴት ነኝ። ወንድሜ ግን ከሥራ ሲወጡ የእንጨት ብናኙ ከቅንድባቸው ሳይራገፍ መንገዱን ተሻግረው የኮሌጁ አዳራሽ ይገቡና፣ ከላይኛው ረድፍ ምሰሶው አጠገብ ተቀምጠው፣ ኳሷ ከተጫዋቹ እጅ ገና ከመውጣቷ የት እንደምትወድቅ አይተው «አጠረ!» ብለው ይጮሁ ነበር። ስማቸውም ከዚያ መጣ። እናንተም ትስቁ ነበር፤ ኳሷ እውነትም ታጥር ነበርና።

የአዳራሹ ወለል በዚያ ዘመን ሊሾ ስለነበረ፣ የተጫዋቾቹ ጉልበት እየተላጠ ቢያስቸግር ኮሌጁ በእንጨት ሊያስለብሰው ወሰነና ሥራውን ለወንድሜ ሰጠ። በሕይወታቸው እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱን ጣውላ በእጃቸው ዳብሰው መረጡ፤ ሊሾው ላይ ሞራሌ ደርድረው፣ በሞራሌው ላይ ጣውላውን አንጥፈው፣ ፍቀው፣ ቫርኒሽ ቀብተው ሲጨርሱ ወለሉ ከነበረበት በአራት ጣት ያህል ከፍ ስላለ፣ በሮቹ እንዳይያዙ የሁሉንም ግርጌ በዚያው ልክ ቆረጡ፤ የመግቢያውን ደረጃ እንደገና ሠሩ፤ ከግድግዳው ግርጌ የነበሩትን የመብራት መሰኪያዎች እንኳን አስነቅለው ወደ ላይ አስተከሉ። በተመረቀ ዕለትም ማንም ሰው በጫማው እንዳይረግጠው ስላሉ፣ የኮሌጁ ኃላፊ ሳይቀሩ ተረከዙ በተቀደደ ካልሲ ቆመው ንግግር አደረጉ። ወንድሜም የመጀመሪያዋ ኳስ ስትነጥር ድምፁን ሰምተው እንባቸው መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በፊት ቀለበቱን በጣታቸው ጫፍ ብቻ ይነኩ የነበሩ ልጆች ኳሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ከላይ ይከቷት ጀመር፤ እናንተም ጋሽ አጠረ ወለልዎ ያዘልላል እያላችሁ ትከሻቸውን መታችኋቸው፤ እርሳቸውም ጣውላ ሲመረጥ እንዲህ ነው ብለው ኮሩ። እንግዳ ቡድን ሲመጣ የሚወረውራት ኳስ ሰሌዳውን እየመታች ስታልፍ ፈርተውን ነው ተባለ። ግን ቡድናችን ወደ ሌላ ከተማ ለጨዋታ በወጣ ቁጥር፣ ትናንት እዚህ ሲያስቆጥሩ የነበሩት ልጆች የሚወረውሯት ኳስ ከቀለበቱ የፊት ጠርዝ ጋር እየተጋጨች ወደ እግራቸው ትመለስ ነበር። ወንድሜና እናንተ በዚያ ወንበሩ በተቀደደ አውቶቡስ ሄዳችሁ፣ ሙሉ ጨዋታ አጠረ ስትሉ ውላችሁ፣ ድምፃችሁ ተዘግቶ ትመለሳላችሁ። እየቆየም ልጆቹ ውጭ የተዋረዱትን ወደ ቤት ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ እዚህም በራስ መተማመናቸው ጠፋ፤ ቡድኑ ከሰንጠረዡ ግርጌ ወረደና ከዚያ አልነሣ አለ። አንዱ አሰልጣኝ ተባረረ፤ ሌላ መጣ፤ እርሱም ተባረረ።

በዚህ ጊዜ ነበር ቡድኑን እንዲያሠለጥን የልጃቸው ባል የተሾመው። እርሱ ገና በሊሾው ዘመን የዚያው ቡድን አምበል የነበረ፣ ወንድሜም ስለ ተጫወተበት ዘመን ክፉ ቃል ያልወጣቸው ብቸኛው ሰው ሲሆን፣ ልጃቸውን ሲያገባ ከሙሽራዋ ይልቅ ስለ ሙሽራው መከላከል ያወሩ እንደነበር አልዘነጋውም። በተሾመ ሰሞንም ወንድሜ በየሰፈሩ እየዞሩ አሁን ገና ሰው አገኘን ሲሉ ሰነበቱ። ሆኖም ኳሷ ማጠሯን አልተወችም፤ ወንድሜም ምክንያቱን አገኘሁት አሉ። ወርዋሪ የሚያጥርበት እግሩ ሲዝል ነውና ልጁ ተጫዋቾቹን በሩጫ እየገደላቸው ነው ማለት ነው ብለው ወሰኑ።

ያን ጊዜ በሳምንቱ መጨረሻ ምሳ የምንበላው በወንድሜ ቤት ስለነበር፣ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆው ተከላካይ፣ የጨው ዕቃው አጥቂ ሆኖ ሲንቀሳቀስ፣ ባለቤታቸው ጨው ፈልገው አጥቂውን ሲያነሡባቸው የምንስቅበት ጊዜ ነበር። ቆይቶ ሳቁ ቀረ። አንድ ቀን ወንድሜ ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ልጆቹን እኮ ጨረስካቸው። እግር የላቸውም። ልምምዱን ቀንስላቸው ብዬ ስንቴ ልንገርህ?» ቢሉት፣ ልጁ «አባባ፣ እዚህ ሜዳችን ላይ ሲጥሏት ያያሉ አይደል? እዚህ ትገባለች፣ እዚያ አትገባም። እግራቸው ቢዝል ኖሮ እዚህስ መቼ ትገባ ነበር? ምን እንደሆነ እኔም ግራ ገብቶኛል» አላቸው። ግራ የገባው አሰልጣኝ ምን ይሠራልናል ብለው ከጠረጴዛው ተነሡ። ልጁም ግራ ስለገባው ማድረግ የሚችለውን አደረገ፤ ልምምድ ካለቀ በኋላ ተጫዋቾቹን እያስቀረ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያችው ቀለበት ላይ፣ ክንዳቸው እስኪዝል ያስወረውራቸው ነበር።

የውድድሩ ዓመት ሊያልቅ ሲል በሜዳችን በተደረገ ጨዋታ፣ ቡድኑ በሰፊ ልዩነት እየተመራ ሳለ ወንድሜ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭበው «ይውረድ» አሉ። ደግመው አጨበጨቡና «ይውረድ» አሉ። እናንተም ተቀበላችኋቸው። አዳራሹ በሙሉ ሲያጨበጭብ፣ ባለቤቷን ልታይ መጥታ ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ልጃቸው ጭብጨባው ከየት እንደተጀመረ ለማየት ዞራ ወደ ላይ ተመለከተችና አባቷን አየች። ኮቷን አንሥታ ወጣች። ልጁ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሩ ፊት ቆሞ ተጫዋቾቹን እያበረታታ ጨረሰ።

ኮሌጁም ወዲያው አሰናበተው። በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ሲሄድ ከኋላው ሁለት ጊዜ የሚያጨበጭብ ሰው ስለማይጠፋ፣ ሚስቱንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ሩቅ ወዳለ ከተማ ሄዶ የስፖርት መምህር ሆነ፤ ቡድን የሚባል ነገርም ዳግመኛ ይዞ አያውቅም። የወንድሜ ባለቤት በልጃቸውና በባላቸው መካከል ሲመላለሱ ሁለት ሻንጣ ጨረሱ፤ ማንንም ሳያስታርቁ ታመው ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ ልጁ መጥቶ እጁን ቢዘረጋ ወንድሜ ጨበጡት፤ ፊቱን ግን አላዩትም። ልጃቸውም ከአባቷ ቤት ሳታድር ተመልሳ ሄደች። በዚያ ሰሞን ወንድሜን በጣም ተናድጄባቸው ስለነበር ለጥቂት ጊዜ ደጃቸውን አልረገጥሁም።

የኮሌጁ ጣሪያ አፍስሶ በአንደኛው ቅርጫት ሥር ያለው ወለል ያበጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወንድሜ ጡረታ ቢወጡም ወለሌን ሌላ ሰው አይነካውም ብለው በራሳቸው ዕቃ ሄዱና፣ ያበጡትን ጣውላዎች ነቅለው አሮጌው ሊሾ ላይ ወርደው ቆሙ። የተፋቀውን መስመር መልሰው ለማስመር የቀለበቱን መካከል ለማግኘት ፈልገው፣ መሰላል ላይ ወጥተው ቱንቢ ከቀለበቱ ወደ ታች ለቀቁ፤ የቱንቢው ጫፍ ሊሾውን እንደነካ ክሩን በሜትር ለኩት። ቀለበት ከወለል ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ከፍ ማለት እንዳለበት ከላይኛው ረድፍ የማያውቅ የለም። ክሩ ልክ ያን ያህል ነበር። ከዚያ ጣውላው ወዳልተነቀለበት ወደ ሌላኛው ቅርጫት ሄደው እንደገና ለኩ፤ አራት ጣት ጎደለ።

ያ ሁሉ በር ተቆርጦ፣ ያ ሁሉ መሰኪያ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ቀለበቶቹ ብቻ በሊሾው ዘመን በተተከሉበት ቀርተው ነበር። ወንድሜ ከግርጌ ያለውን ሁሉ አስበው ነበር፤ ቀና ብለው ግን አላዩም፤ ከኮሌጁም ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ልጆቹ ከፍ ብለው የዘለሉት ቀለበቱ ዝቅ ስላለ ነው። የእንግዶቹ ኳስ የሚያልፈው፣ የኛ ልጆች ኳስ ውጭ የሚያጥረው፣ ሁሉም ከዚያው ነው። ያ ምስኪን ልጅ ደግሞ ተጫዋቾቹን እያስቀረ ሲያስለማምዳቸው፣ ማጠርን ነበር አጥብቆ ያስተማራቸው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ መጥተው ወጥ ቤት ገቡና ቱንቢውን ከነክሩ ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። «እህቴ፣ ልጁን እኮ ያባረርኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። ቂሜ ገና ስላልወጣልኝ «እሱንማ ከተማው ሁሉ ያውቃል» አልኋቸው። «አይ፣ ገና አልገባሽም» አሉና ነገሩን ከሥሩ አስረዱኝ። በመጀመሪያ ሳቅ መጥቶብኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሳቄ ጠፋ። ያን የሚያህሉ ሰው እዚያች ትንሽ በርጩማ ላይ ተኮማትረው እጃቸውን እያገላበጡ ያዩ ነበር።

በማግስቱ ሄደው ይናገሩ ብዬ ለመንኋቸው። ወንድሜም አንድ የጨዋታ ቀን ልናገር ነው ብለው ወጡ፤ በዕረፍት ሰዓት ላይ ከወንበራቸው ተነሥተው ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ወደ እናንተ ዞሩ። እናንተ ደግሞ ጋሽ አጠረ ሊጀምሩልን ነው ብላችሁ፣ ራሳቸው ያስተማሯችሁን ሁለት ጭብጨባ ጀመራችሁ። ታስታውሱ ይሆናል። አፋቸውን ከፍተው ቆሙ፤ ድምፃቸው ግን አልተሰማም፤ ጭብጨባው እየበረታ ሲሄድ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን በኋላ «አጠረ» ብለው ሲጮሁ የሰማ የለም። ጋሽ አጠረ አረጁ አላችሁ፤ እውነትም በአንድ ክረምት አረጁ።

ብዙም ሳይቆይ በሥራ ዘመናቸው የማጉት የእንጨት ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመርና፣ ሐኪሞቹ የሚችሉትን ቢያደርጉም በሽታው እየጸናባቸው ሄዶ አልጋ ላይ ዋሉ። በዚህ ጊዜ ልጃቸው ሳትጠራ መጣች፤ ባሏም አብሯት መጣ። ያን ልጅ እኔ በዓይኔ ያየሁትን መመስከር ስላለብኝ፣ ወንድሜን ተሸክሞ ያጥባቸው፣ ፂማቸውን ይላጫቸው፣ ትራሳቸውን ያስተካክልላቸው የነበረ እርሱ ነው። ወንድሜ ግን እርሱ በገባ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። ልጁም አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ይዞኝ «አክስቴ፣ አሁንም ይቅር አላሉኝም መሰለኝ» አለኝ። ያን ጊዜ ዝም ማለት ምን ያህል እንደከበደኝ ፈጣሪ ያውቃል፤ አደራ ስላለብኝ ግን ዝም አልኩ።

አደራውን የተቀበልሁት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ለብቻችን ሆነን ሳለ «ወንድም ጋሼ፣ እዚሁ አጠገብዎ ነው፤ ለምን አይነግሩትም?» አልኋቸው። «ለብቻው ብነግረው ምን ዋጋ አለው? የሰደብኩት አደባባይ ላይ፤ ይቅርታ የምጠይቀው ጓዳ ውስጥ? አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው የሰማው» አሉ። ታዲያ አዳራሽ ወስደን እናስቆምዎ ብላቸው «ሞክሬ አቃተኝ፤ አጨበጨቡብኝ። ቀብሬ ላይ ግን ማንም አያጨበጭብም። ያን ጊዜ አንቺ ታነቢላቸዋለሽ» አሉኝ። በጣም ተናደድሁ። ይህ እኮ ሞቶ ማምለጥ ነው አልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው «አዎ፣ ነው» አሉ። አደራውንም ተቀበልሁ።

ወንድማችን ትናንት በማለዳ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ፣ ልጁ ሐኪም ሊጠራ እየሮጠ በወጣበት ቅጽበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተም የልጄ ባል፣ ይህን ሁሉ ከሰው እኩል አሁን በመስማታችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እርሳቸው እንዲህ ይሁን ብለው ነው። ወንድሜ እንድነግርህ ያዘዙኝ ቃል ይህ ነው፤ ሌላ ምንም አልጨመርሁበትም። «ልጄ፣ ያኔ ግራ ገብቶኛል ስትለኝ እውነትህን ነበር። ልጆቹን በደንብ አስተምረሃቸዋል። ጥፋቱ ከወለሉ ነው፤ ወለሉ ደግሞ የኔ ነው። ፊቴን ያዞርኩት ተቆጥቼህ አይደለም፤ ላይህ አፍሬ ነው።»

ለላይኛው ረድፍ ሰዎችም መልእክት አላቸው። እነዚህን ሁለት ቁራጮች አልጋ ላይ ከመዋላቸው በፊት በእጃቸው የላጓቸው ሲሆን፣ ውፍረታቸው ወለሉ ከፍ ያለበት አራት ጣት ልክ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቅርጫት አንድ፣ ሰሌዳዎቹ በዚህ መለኪያ ከፍ እንዲሉ ነው። ከቀብር ስንመለስ የአዳራሹ ጠባቂ በሩን ይከፍትልናል። ያኔ ያጨበጨባችሁ ሁሉ መሰላሉን ትይዛላችሁ። በሜዳችን የምናሸንፋቸው ጥቂት ጨዋታዎችም ይቀሩብን ይሆናል፤ ወንድሜ ይህን አስበውበታል፤ ይቅሩ ብለዋል።

ወንድማችን የሁለት የልጅ ልጆች አያት፣ የብዙ ሙያተኞች መምህርና የእኔ የአንዲቱ እህታቸው ወንድም ሲሆኑ፣ አንዲት ሴት ልጅ እንደወለዱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእርሳቸው በኋላ የሚቀሩትን ስጽፍ አማች ብዬ የጻፍሁትን ቃል አልጋቸው ላይ ሆነው አሰርዘውኛል፤ ስለዚህ እንዳዘዙኝ አነበዋለሁ። ወንድማችን አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ የለካውን ሁሉ አስተካክሎ የሚለካ ነውና የወንድማችንን ስህተት ከድካማቸው ጋር መዝኖ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ በሕይወት ሳሉ ያጡትን ሰላም አሁን ይስጣቸው፤ ለእኛም ሰው ሳይሞት የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሁን ሳጥኑን አንሡ፤ ከፊት በቀኝ በኩል ያለውን እጀታ ለልጃቸው ተዉለት።